አስር ከአስር ያገኘችው መኪና

መኪናችን ሰው ፊት ጨዋ ናት። መካኒክ ካየች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ መብራቷን ሁሉ አስተካክላ፣ አማቷ ቤት እንደገባች ሙሽራ ትሽኮረመማለች። እኔና እናቴ ብቻችንን ስንሆንባት ግን ሌላ ናት። መጀመሪያ ስክሪኗ ጥቁር ይላል። ቀጥሎ አንድ ቀይ መብራት ብልጭ ይላል። ቀጥሎ ሞተሯ ይጠፋል፤ መሪዋም እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል። ይህን ሁሉ ቤታችን ደጃፍ ብታደርገው ኖሮ አልቀየማትም ነበር። የምታደርገው ቤልትዌይ ላይ ነው። ቤልትዌይ ዋሽንግተንን እንደ መቀነት የሚዞር መንገድ ነው፤ እዚያ ላይ የሚነዳ ሰው ሁሉ ከኋላው የሚያባርረው ያለ ይመስለዋል።

አምስት ደቂቃ ከጠበቅናት ትነሳለች። ምንም እንዳልተፈጠረ። እኛን ግን አምስት ደቂቃ የሚጠብቀን የለም።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ወንድሜ ልናገር። በአጭሩ ነው የምናገረው፤ ስለ እሱ ስጽፍ ቃል ያጥረኛል። መኪናዋን አዲስ፣ ወንበሯ ላይ ላስቲኩ እንዳለ የገዛት ታላቅ ወንድሜ ቢንያም ነው። የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ የሁለታችንንም ስም አስገባ። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ "ስትጋጭ እኔ ብቻ እንዳልጠየቅ" አለኝ። በገዛት በአምስተኛው ወር ሥራ ቦታው ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉን። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ይኸው ነው።

እሱ ሲነዳት አንድ ቀን እንኳ አልቆመችም። ጠባይዋን ያበላሸችው እሱ ከሞተ ዓመት ሊሆነው ሲል ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች፣ "እሷም ሐዘኑ ተነስቶባት ነው" አሉ። እኔም ሐዘን ላይ ነኝ። ግን ቤልትዌይ መሀል አልቆምም።

የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ ነው። እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ትጠብቃለች። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መድረስ አለባት፤ በዚያ ሰዓት በአውቶቡስና በባቡር ልድረስ ብትል ከዋዜማው መነሳት ይኖርባታል። ድሮ ቢንያም ነበር የሚያደርሳት። አሁን እኔ ነኝ። እሷን አድርሼ ተመልሼ ወደ ሆቴል እሄዳለሁ። ሥራዬ እንግዳ ሲመጣ ቁልፉን ተቀብሎ መኪናውን ማቆም ነው። እስካሁን የሰው መኪና መንገድ ላይ ቀርቶብኝ አያውቅም። በገዛ መኪናዬ ነው የተዋረድኩት።

መጀመሪያ የቆመችው ትልቁ ድልድይ ላይ ነው፤ ወንዙ ከታች፣ ሰማዩ ገና ሊነጋ ሲል።

"ምን አደረግካት?" አለች እናቴ።

"ምንም አላደረግኳትም።"

"ነካክተሃታል።"

"እማዬ፣ ቆመች እኮ!"

"እንዴት ትቆማለች? መንገድ መሀል ነን!"

ይህን ለመኪናዋ ብታስረዳልኝ ደስ ባለኝ። ከኋላችን ቤት የሚያክል የጭነት መኪና ጡሩንባውን እየነፋ መጣ። የአደጋ መብራቱን ልጫን ብዬ መጀመሪያ የተጫንኩት ሬዲዮኑን ነው። እናቴ ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ በመስኮት አውጥታ ማውለብለብ ጀመረች። የጭነት መኪናው ሻርፑን አይቶ ይሁን መብራቱን አላውቅም፣ በአንድ ክንድ ርቀት አለፈን። መኪናዋ በንፋሱ ተወዛወዘች። እናቴ መስኮቱን ዘጋች፣ ሻርፗን አጠፈች፣ ፊት ለፊት እያየች እንዲህ አለች፦

"አንዱን ቀብሬያለሁ። ሁለተኛውን የምቀብርበት ጉልበት የለኝም። ይህችን መኪና አንድ ነገር አድርጋት።"

አንድ ነገር ላደርጋት ሲልቨር ስፕሪንግ ወደተገዛችበት ዲለር ወሰድኳት። የጥገናው ክፍል ጠረጴዛ ላይ መኪና የሚቀበለውና የሚመዘግበው ጋሽ መስፍን ነው፤ የአገራችን ሰው። ለቅሷችን ላይ ከቤተ ክርስቲያን ወንበር ተውሶ በራሱ ሚኒቫን ሦስት ጊዜ ያመላለሰ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሞ ማጉረምረም ይከብዳል። በትሕትና ነገርኩት። መካኒኩ ሁለት ቀን ነዳት፤ ሁለት ቀን ጨዋ ሆነችለት። "ችግሩ አልተገኘም" ብለው ጽፈው፣ ሶፍትዌሯን አድሰው መለሱልኝ።

ጋሽ መስፍን እስከ በር ድረስ ሸኘኝ። ግራና ቀኙን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንድ ነገር ላስቸግርህ ወንድሜ።"

"ይዘዙኝ ጋሼ።"

"በስልክህ ሰርቬይ ይመጣልሃል። ከአስር ስንት ትሰጣለህ ብሎ ይጠይቅሃል። እዚህ ቤት ዘጠኝ ማለት ዜሮ ነው። አስር ካልሆነ ስሜን ከሰነፎቹ ጋር በቀይ ይጽፉታል።"

"ሁሉንም አስር ልበል?"

"ሁሉንም። መኪናው በደንብ ተጠግኗል ወይ የሚል አለ፤ እሱንም።"

"ተጠግኗል እንዴ?"

"ተስፋ እናደርጋለን" አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ከአስር አስር ያገኘሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያውም መምህሩ የኔን ወረቀት ከአንድ ጎበዝ ልጅ ወረቀት ጋር አምታተውት ነው፤ በማግስቱ ተቀበሉኝ። ስለዚህ አስር መስጠት ምን ያህል እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር። ሆቴሉ ደጃፍ ቆሜ፣ አስር፣ አስር፣ አስር እያልኩ ስጫን እንደ ባለሥልጣን ተሰማኝ። አስተያየት የሚጻፍበት ቦታም ነበረ። "በጣም ጥሩ ሰው ነው፤ እግዚአብሔር ይባርከው" ብዬ ጻፍኩ። ስለ መኪናዋ አልጻፍኩም። መኪናዋ ትዝ ያለችኝ በዘጠነኛው ቀን ነው።

በዘጠነኛው ቀን ጆርጂያ አቨኑ ላይ አረንጓዴ መብራት ፊት ቆመች። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ቀይ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን የነበረው ሁሉ ስለ እናቴ ምን እንዳለ ብተረጉምላት ኖሮ ያን ቀን ሥራ አትገባም ነበር።

በዚህኛው ዙር መካኒኩ አንድ ነገር አገኘ። ጋሽ መስፍን ወረቀቱን ይዞ መጣ።

"ማስነሻ ቁልፏ ላይ ቅባት ተገኝቷል ይላል። ምንድን ነው? ዘይት ነው?"

"የወይራ ዘይት ነው።"

"መኪና ውስጥ ሰላጣ ትሠራላችሁ?"

አፈርኩ። ቢንያም መኪናዋን የገዛት ጊዜ ፓስተራችንና ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩላት። ፓስተሩ ጣታቸውን ዘይት ነክረው መሪውን ቀቡ፤ ቀጥለው ማስነሻውን ቀቡ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ "ጥቂት ጨምሩበት፣ መንገዱ ረጅም ነው" ብለው ነበር። ይህን ለጋሽ መስፍን ነገርኩት። እሱ ኦርቶዶክስ ነው።

"አትፈር" አለኝ። "የኛዎቹ ጠበል ነው የሚረጩት። ባለፈው ወር አንድ ሬዲዮ አቃጠሉ።"

ዘይቱን ጠርገው መለሱልኝ። እስከ በር ሸኘኝ። ግራና ቀኙን አየ። ገና አፉን ሳይከፍት፣ "ገብቶኛል ጋሼ፣ አስር" አልኩት።

ያን እሑድ እናቴ ምስክርነት ልስጥ ብላ ተነሳች። ማይክሮፎኑን ይዛ፣ "ጌታ ልጄን ያጽናናል፣ መኪናችንንም ፈውሶልናል" አለች። ጉባኤው "አሜን!" አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። መኪናዋ ውጭ ቆማ ሁሉንም የምትሰማ መሰለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ዝናብ ይዘንባል። ድልድዩን አልፈን የመውጫው መታጠፊያ ላይ ስክሪኑ ጠቆረ። መሪው ከበደኝ። በሁለት እጄ እየጎተትኩ ወደ ዳር ልወስዳት ስታገል ግማሽ አካሏ መንገዱ ላይ ቀረ። አንድ ትንሽ መኪና ከኋላ መጣ። ፍሬን ሲይዝ ድምፁን ሰማሁት፤ ውሃው ላይ ተንሸራተተ፤ በእናቴ በኩል አለፈና የጎን መስተዋታችንን ነቅሎ ሄደ። መስተዋቱ አስፋልቱ ላይ ሲሽከረከር አየሁት። ከእናቴ ትከሻ ቢርቅ አንድ ስንዝር ነው።

እናቴ በዚህኛው ቀን አልጮኸችም። የእጄን አንጓ ያዘች። አጥብቃ ያዘች። መኪናዋ እስክትነሳ አምስት ደቂቃ ሙሉ አልለቀቀችኝም። ከሁሉም የፈራሁት ያኔ ነው።

ስንደርስ ከመውረዷ በፊት፣ "ለሠሯት ሰዎች መልሳት" አለችኝ። "አስጠግናት አላልኩህም። መልሳት።"

አሁን የምነግራችሁን ከዚህ በፊት ለማንም አልተናገርኩም። መኪናዋን ሦስተኛ ጊዜ አስገባሁ። ሦስት ቀን አቆዩዋት፤ አዲስ መስተዋት ገጠሙላት፣ ችግሩ ግን "አልተገኘም"። ጋሽ መስፍን ሸኘኝ። "ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ ትገባለች" አለኝ። ስለ አስሩ አላነሳም። እኔም አስር ሰጠሁ። የእናቴ ጣቶች የያዙኝ ቦታ ገና ሰንበር ነበረው፤ በዚያው እጅ፣ አስር፣ አስር፣ አስር። ጅል በየአገሩ አለ፤ እንደኔ ያለው ግን ተመርቆ ነው የሚወጣው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ እናቴ እትዬ ሶስናን ጠርታ አመጣችልኝ። እትዬ ሶስና ፌርፋክስ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ እንኳን ሕግ፣ የሕግ ሽታ ያውቃታል።

"ሕግ አለ እኮ!" አለችኝ። "አንዱን ጥፋት ሦስት ጊዜ ሞክረው ካቃታቸው ፋብሪካው መኪናዋን መልሶ ይገዛታል። እንዲህ ያለችውን መኪና እዚህ አገር ሎሚ ነው የሚሏት።"

"ሎሚ ምን በደለ?" አለች እናቴ።

"መቼ ነው የተገዛችው?" አለችኝ እትዬ ሶስና። ነገርኳት። በጣቷ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። "ጊዜው ሊያልፍባችሁ ነው። ሃያ ሦስት ቀን ቀርቷችኋል። ከዚያ ወዲያ ሕጉ አያውቃችሁም፤ መኪናዋ እስከ ዕድሜ ልኳ የናንተው ናት።"

ያን ቀን ማታ ደብዳቤ ጻፍን። በነጋታው በአደራ ፖስታ ላክን። በሳምንቱ ከፋብሪካው ሊንዳ የምትባል ሴት ኮል አደረገችኝ። ድምጿ ማር ነው።

"እንዴት ነህ?"

"ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ።"

"መኪናዋስ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት፣ አመሰግናለሁ።"

ምን ላድርግ? እኛ ዘንድ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ግሉኮስ ተተክሎለት፣ እንዴት ነህ ሲሉት ደህና ነኝ ነው የሚለው። ሕመሙ የሚነገረው ከብቱም፣ ጎረቤቱም፣ ዝናቡም ተጠይቆ ካበቃ በኋላ ነው። አሜሪካኖች ሁለተኛውን ዙር አይጠብቁም። ሊንዳ የመጀመሪያውን ጻፈች።

በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ። እትዬ ሶስና በስልክ አነበበችልኝ። ደንበኛው ሦስት ጊዜ መኪናው በአግባቡ መጠገኑን ከአስር አስር በመስጠት አረጋግጧል። በስልክም መኪናው ደህና ነው ብሏል። ቢሆንም ለመጨረሻ ጊዜ የፋብሪካው ተወካይ መጥታ መኪናዋን ነድታ ታያለች። ቀኑም ተቆርጧል፤ የሕጉ ጊዜ ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው።

እትዬ ሶስና ማንበቧን አቆመች።

"አስር ነው የሰጠኸው?"

"አዎ።"

"ሦስት ጊዜ?"

"ሰውየው ለመነኝ እትዬ።"

"ታዲያ ይህንኑ ጻፍ! ለምኖኝ ነው በል።"

"ይባረራል።"

"እናትህስ?" አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ዘጋችው።

በነጋታው ጋሽ መስፍን ዘንድ ሄድኩ። ፊቴን አይቶ ገባው። ወደ ውጭ አወጣኝ።

"ስሜን ጻፍክ?"

"አልጻፍኩም።"

"ልትጽፍ ነው?"

"አላውቅም።"

"እኔ እኮ እናንተ ቤት ያን ሁሉ ወንበር..." አለና አቋረጠ። ፊቱን በእጁ ጠረገ። "እሱን ማለቴ አይደለም። ይቅር በለኝ። እሱን ለመቁጠር አልነበረም።"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"አሥራ አራት ዓመት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቆሜያለሁ። ሁላችንም ነን የምንለምነው። የተያዘ ግን ይባረራል።" ወደ ቆሙት መኪኖች አየ። "እናትህ በረቱ?"

"ደህና ናት" አልኩት። አያችሁ? እዚያም ቦታ ደህና ናት አልኩ።

ቀኑ ደረሰ። ሊንዳ አጭር ጸጉር ያላት፣ ታብሌት የያዘች ሴት ናት። እሷ መሪ ያዘች፤ እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ጋሽ መስፍን ዲለሩን ወክሎ ከኋላ ገባ። እናቴም ከኋላ ገባች፤ ከአሮጊቷ ዘንድ ፈቃድ ጠይቃ ነው የመጣችው፤ "እኔ ሳላይ አትፈርሙም" ብላ። መንገዱ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ከዚያም መመለስ ነው። ድልድዩን ሁለት ጊዜ እንሻገራለን።

መኪና እንድትቆም የጸለይኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ጌታ ሆይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትቁም፣ ዳር ላይ፣ በቀስታ፣ ማንም ሳይጎዳ። ከኋላዬ የእናቴ ሹክሹክታ ይሰማኛል። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። "ጌታ ሆይ፣ እንዳትቆም፣ እንዳትቆም፣ እንዳትቆም።" አንድ መኪና ውስጥ ሁለት ጸሎት ፊት ለፊት ተጋጨ። የእናት ጸሎት ቀድሞ እንደሚደርስ የታወቀ ነው።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ስክሪኑን ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። አላፊው ሁሉ በግራም በቀኝም ይምዘገዘጋል። የእናቴ እጅ የወንበሬን ጀርባ ጨምድዶ ይዟል። መኪናዋ ተንሳፈፈች። እንደ ሐር። ስንመለስም እንደ ሐር። ሊንዳ፣ "ጥሩ መኪና ናት" አለች። መኪናዋ በመጠኑ ፍጥነቷን የጨመረች መሰለኝ።

ዲለሩ ግቢ ውስጥ ቆምን። ማንም አልወረደም። ሊንዳ ታብሌቷን ከፈተች።

"አንድ ነገር አልገባኝም" አለችኝ። "መንገድ መሀል ትቆማለች ትላለህ። እዚህ ደግሞ በደንብ ተጠግኗል ብለህ ሦስት ጊዜ አስር ሰጥተሃል። የትኛውን ልመን?"

ጋሽ መስፍን ትንፋሹን ሲይዝ ሰማሁት።

"አስሩን የሰጠሁት ለሰውየው ነው" አልኩ። "ጥሩ ሰው ነው። ሰላምታው ጥሩ ነው።"

"ጥያቄው ስለ መኪናዋ ነው።"

"አዎ።"

"እሺ፣ አሁን እኔ ልጠይቅህ። ለመኪናዋ ከአስር ስንት ትሰጣለህ?"

ከፊቴ ያለችው እንግዳ ናት። መንገዱ ርቆኛል ሳትል መጥታለች። እንዴት ብዬ ፊቷ ላይ ዝቅ ያለ ቁጥር ልጥራ?

"ሰባት" አልኩ።

"ምን አለችህ?" አለች እናቴ ከኋላ።

"ለመኪናዋ ስንት ትሰጣለህ አለችኝ።"

"ስንት አልካት?"

"ሰባት።"

"ሰባት!" እናቴ ወደ ፊት ተስፈነጠረች። ጭንቅላቷ በሁለታችን መሀል ወጣ። ለሊንዳ አውራ ጣቷንና ጠቋሚዋን አጋጥማ ክብ ሠርታ አሳየቻት። "ዚሮ! ዚሮ!" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ተርጉምላት። ድልድይ ላይ አስቁማ ልትገድለን ነበር በላት። መስተዋቴን ነቅለው ሲሄዱ ዓይኔ እያየ ነው በላት። አንድ ልጅ ነው የቀረኝ፤ እሱን ደግሞ ይህ ቆርቆሮ እንዲወስድብኝ አልፈቅድም በላት። አስር የሰጠው ከሰው ፊት አንገቱን ቀና አድርጎ አይሆንም ማለት ስለማይችል ነው በላት። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው በላት።"

ተረጎምኩ። እንዲህ ብዬ፦ "እናቴ በመኪናዋ ትንሽ ቅር ተሰኝታለች።"

"እንደዚያ አላሉም" አለ ጋሽ መስፍን በእንግሊዝኛ።

ዞሬ አየሁት። ክራቫቱን ላላ አደረገ። እናቴ ያለችውን ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ አንድም ሳያስቀር፣ ድልድዩንም፣ መስተዋቱንም፣ አንድ ልጅ ነው የቀረኝ ያለችውንም ተረጎመ። ከዚያ ያልተጠየቀውን ጨመረ።

"አስሩን እንዲሰጠኝ የለመንኩት እኔ ነኝ። ሦስቱንም ጊዜ። ልጁ እምቢ ማለት እንደማይችል አውቅ ነበር።"

ሊንዳ ታብሌቷ ላይ ረጅም ጊዜ ጻፈች። የጣቷ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከዚያ ለእናቴ እጇን ዘርግታ ጨበጠቻትና ወረደች።

"ምን አላት?" አለችኝ እናቴ።

"ያልሽውን።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

እናቴ ጋሽ መስፍንን አየችው። "ተባረክ" አለችው። እሱ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር።

ከዚያ አምስት ቀን ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም እንዘላለን። እናቴን ሥራ የማደርሳት በዳር መስመር፣ የአደጋ መብራቱን እያበራሁ፣ እንደ ቀብር አጃቢ ቀስ እያልኩ ነበር። ሰው ሁሉ ይሰድበናል፤ እናቴ መልሳ እጇን ታውለበልብለታለች። እትዬ ሶስና የክሱን ወረቀት አዘጋጅታ ቁጭ ብላለች። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የአንድ እንግዳ መኪና ቁልፍ በእጄ እንደያዝኩ ኢሜይሉ መጣ። ፋብሪካው መኪናዋን መልሶ ይገዛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንግዳው መኪናውን ይጠብቃል። "ደህና ነህ?" አለኝ። "ደህና አይደለሁም" አልኩትና እየሳቅኩ ቁልፉን መለስኩለት። እሱ የሚጠብቀው ግን መኪናውን እንዳመጣለት ነበር።

ጋሽ መስፍንን አላባረሩትም። ከጠረጴዛው አንስተው መለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ውስጥ አስገቡት። ደውዬ ይቅርታ ልጠይቀው ስል ሳቀብኝ። "እዚህ ሰርቬይ የለም" አለኝ። "ዕቃ ነው ያለው። ዕቃ አይለመንም።" እንደከፋው ግን ድምፁ ያስታውቃል።

መኪናዋን ያስረከብነው በአንድ ቅዳሜ ነው። የሚቀበለን ወጣት ሰው የራሳችሁን ዕቃ አውጡ አለን። አወጣን። ጃንጥላ፣ የእናቴ መነጽር ቤት፣ ግማሽ ጠርሙስ ውሃ። ከዚያ ስክሪኑን ከፈተልኝና የተመዘገቡትን ስልኮች በሙሉ ማጥፋት አለብህ አለኝ፤ ደንብ ነው። ዝርዝሩ ወጣ። ሁለት ስም ነው ያለበት። የመጀመሪያው "ቢኒ" ይላል።

ይህን አላሰብኩም ነበር። ተጫንኩት። ማሽኗ፣ ይጥፋ? እርግጠኛ ነህ? ብላ ጠየቀችኝ። አዎ የሚልና አይደለም የሚል ከታች አለ። አይደለም የሚለውን ተጫንኩ። ዕድሜ ልኬን ያቃተኝ ቃል ያን ቀን እንዴት እንደቀለለኝ አልገባኝም። ወጣቱ ቆሞ ይጠብቃል። እንደገና ሞከርኩ። እንደገና፣ አይደለም።

እናቴ በወዲያኛው በር ጎንበስ አለች።

"ምን ትላለች?"

"እርግጠኛ ነህ ወይ ትላለች።"

"እና?"

"አይደለሁም እማዬ።"

ወንበሩ ላይ ገብታ ተቀመጠች። መነጽሯን ከቤቱ አውጥታ አደረገች። ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"የቱ ነው የሱ?"

አሳየኋት።

"አዎ የሚለውስ?"

አሳየኋት። ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና ተጫነች። ቢኒ የሚለው ጠፋ። ከሥሩ የነበረው የኔ ስም ወደ ላይ ተንሸራቶ ቦታውን ያዘ።

"ይኼስ ያንተ ነው?"

"የኔ ነው።"

"እሱን አንተው አጥፋው" አለችና ጃንጥላዋን ይዛ ወረደች።